ልጃችሁ ሌሊት ሌሊት ምን ይሠራል?



እዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ቢቱአህ ለኡሚ ወረቀት፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት ኪራይ ነው። ዛሬ ግን ለየት ያለ ነገር ይዘን መጥተናል። ከልጆቻችን አንዳንዶቹ የሚሠሩት፣ ወላጅ ግን ለጎረቤት ማስረዳት የሚቸግረው አንድ ሥራ አለ። ስለሱ እንጫወት።

እኛ በ1991 በልጅነታችን መጥተን፣ እዚሁ አድገን፣ ዛሬ ማኅበራዊ ሠራተኞች የሆንን ሰዎች በየቤታችሁ እንገባለን። አንዱ ጋ ለሕክምና ጉዳይ፣ ሌላው ጋ ለጡረታ ጉዳይ ነው የምንሄደው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ወደ ልጆች ይዞራል። "ይሄ ልጅ ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ ስንት ቤት ሰምተናል! የሚጠይቁት እኮ ልጁን ያሳደጉት፣ ልብሱን የሚያጥቡለት፣ ስንቁን የሚቋጥሩለት ሰዎች ናቸው።

አንድ ቤት እንንገራችሁ። ስማቸውን አንጠራም፤ እንድናወራው ግን ፈቅደውልናል። ልጃቸው 27 ዓመቱ ነው። ከጻቫ ወጥቶ የኮምፒውተር ኮርስ ተማረ፣ ሥራም ያዘ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ማታ አንገቱ ላይ መታወቂያ አንጠልጥሎ ይወጣል፣ ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ ይመለሳል። እናትየው ለጎረቤት "ሽሚራ ነው የሚሠራው" ይላሉ። በሌሊት መታወቂያ አንጠልጥሎ የሚወጣ ሰው እሳቸው የሚያውቁት ዘበኛ ብቻ ነው። አባትየው ደግሞ ልጁ በስልክ "ድራይቨር፣ ድራይቨር" ሲል ይሰማሉ። ነሃግ ሆኗል ብለው አሰቡ። "ነሃግ ከሆነማ መኪናው የታለ?" ይሉናል።

ነገሩ ለመሳቅ ይመች ነበር። ግን ቤቱ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። አባትየው "ለዘበኝነት አይደለም ያስተማርንህ፤ ወይ የቀን ሥራ ፈልግ፣ ወይ ምን እንደምትሠራ ንገረኝ" አሉት። ልጁ ሊናገር ሞከረ፤ አልወጣለትም። ሥራውን የተማረው በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ነው። አማርኛው ደግሞ የእናቱ ማጀት አማርኛ ነው፤ "እንጀራ አምጪ፣ በሩን ዝጋው" የሚባልበት። ሁለት ሦስቴ ጀምሮ ተወው። ቀጥሎ ቤት ተከራይቶ ወጣ፣ ዓርብ ማታም መምጣት አቆመ። እናትየው የሰንበቱን ማዕድ አቅርበው በር በር ሲያዩ ነው ያገኘናቸው።

እኛም ልጁን ፈልገን "መጀመሪያ ለእኛ አስረዳን" አልነው። ሁለት ማታ ተቀምጠን ጠየቅነው። የነገረንን ባለን ቋንቋ እንዲህ እናቀርብላችኋለን።

ልጁ የሚሠራበት ኮምፒውተር እኛ ቤት እንዳለው አይደለም። በዕብራይስጥ ማህሼቭ መርካዚ፣ በእንግሊዝኛ ሜይንፍሬም ይሉታል። ቁመቱ ትልቅ ፍሪጅ ያህላል። ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶች፣ አየር መንገዶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ሥራቸውን በዚህ ዓይነት ማሽን ያካሂዳሉ። አይቢኤም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ የዛሬዎቹን ማሽኖች ቅድመ አያት፣ ሲስተም 360ን፣ ለዓለም ያስተዋወቀው ኤፕሪል 7 ቀን 1964 ነው። በዚያ ዘመን የተጻፈ ፕሮግራም ዛሬም በአዲሱ ማሽን ላይ ሊሠራ ይችላል። ልጅ የአያቱን ቋንቋ ሳይረሳ አደገ እንደማለት ነው።

አንዱ ማሽን ለብዙ ተከራይ እንደተከፋፈለ ሕንፃ ነው። በ2022 የወጣው ዜድ16 የሚባለው ሞዴል እስከ 85 ቦታ ይከፈላል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው እንደቆመ ኮምፒውተር ይሠራል። በአንዳንዱ ክፍል ውስጥ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት አለ። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የፊንላንድ ተማሪ የጀመረው በ1991 ነው፤ እኛ በአውሮፕላን ተጭነን በመጣንበት ዓመት ማለት ነው። በ1999 መጨረሻ ላይ አይቢኤም ሊኑክስ በሜይንፍሬም ላይ እንዲሠራ የሚያደርገውን ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት አድርጎ አወጣ። ሥራው የተሠራው ጀርመን አገር፣ ቦብሊንገን በሚባል ከተማ ባለ ቤተ ሙከራ ነው።

አሁን ወደ ልጁ ሥራ እንግባ። የሊኑክስ እምብርት ከርነል ይባላል። ፕሮግራሞች "ይህን ጻፍልኝ፣ ያንን አንብብልኝ" ብለው የሚለምኑት እሱን ነው። ከርነሉ ግን የዲስኩን ቋንቋ አያውቅም። የኔትወርክ ካርዱን ቋንቋም እንዲሁ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዓይነት መሣሪያ አስተርጓሚ ይመደብለታል። አባትየው የሰሙት "ድራይቨር" ይህ ነው። መኪና አይነዳም፤ ያስተረጉማል።

አስተርጓሚው ደግሞ የሚያውቀው አንድ ሙያ ብቻ ነው። የዲስኩ አስተርጓሚ ስለ ዲስክ ብቻ ነው የሚያውቀው፣ የኔትወርኩም ስለ ኔትወርክ ብቻ። አንዱን በሌላው ቦታ ብታስቀምጠው አይግባቡም። ይህ ለእናንተ አዲስ አይደለም። ኩፓት ሆሊም ጥሩ ያስተረጎመላችሁ ሰው ፍርድ ቤት ሲቆም ሲንተባተብ አይታችኋል።

ቀጥሎ የመልእክተኞቹ ነገር ይመጣል። በሜይንፍሬም ላይ ዋናው አንጎል ራሱ ተነሥቶ ወደ ዲስኩ አይሄድም። ቻናል የሚባሉ መልእክተኞች አሉለት። ከርነሉ የሚፈልገውን በዝርዝር ጽፎ ይሰጣቸዋል። እነሱ ወስደው ያስፈጽሙና "ጨርሰናል" ብለው ይመለሳሉ። አንጎሉ እስከዚያ ሌላ ሥራውን ይሠራል። ወደ አንድ መሣሪያ የሚወስዱ መንገዶች እስከ 8 ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ለጥገና ቢዘጋ በሌላው ይታለፋል። ባንኩ ሳይዘጋ ማሽኑ የሚጠገነው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ 0.0.5100። ከነጥቦቹ በኋላ የሚመጡት የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የመሣሪያው የራሱ መለያ ናቸው። ልጁ ሌሊት ሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጡት ይህን የቁጥር ዝርዝር ነው። "እነዚህ አዲስ ዲስኮች ተሰክተዋል፣ ለእገሌ ክፍል ክፈትላቸው" ይሉታል። ሌሊት የሚሆንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ቀን ሰው ሁሉ ደመወዙን ያያል፣ ገንዘብ ያስተላልፋል። ሰው ሲተኛ ነው ማሽኑን ለመንካት የሚመቸው።

ታዲያ ዲስኩ ተሰክቷል፣ መብራት አለው፣ አልተበላሸም። ከርነሉ ግን አያየውም። ለምን? ትልቅ ማሽን በሺህ የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ሊገናኙት ይችላሉ። ከርነሉ ሲነሣ ሁሉንም አንድ በአንድ ቢመረምር ጊዜም ማስታወሻም ይበላበታል። ስለዚህ "እነዚህን ችላ በል" የሚል ዝርዝር ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜ እንዲያውም "ከእነዚህ ጥቂቶች በስተቀር ሁሉንም ችላ በል" ተብሎ ነው የሚጻፍለት። ዝርዝሩ ውስጥ ያለ መሣሪያ ለከርነሉ እንደሌለ ነው። የልጁ የመጀመሪያ ሥራ ቁጥሩን ከዚያ ዝርዝር ማውጣት ነው።

ከዝርዝሩ ወጣ ማለት ግን ሥራ ጀመረ ማለት አይደለም። አሁን ከርነሉ "አየሁት" ይላል፤ መሣሪያው ግን ገና ዜሮ ላይ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ አንድ ትንሽ ማብሪያ አለው፤ ዜሮ ከሆነ ከአገልግሎት ውጭ፣ አንድ ከሆነ በአገልግሎት ላይ። ሰው ወይም ሰው የጻፈው ትእዛዝ ዜሮውን ወደ አንድ መለወጥ አለበት። በቤታችን ኮምፒውተር ዲስክ ስንሰካ ወዲያው ብቅ ይላል። እዚያ ግን ማንም ሳይጠራው ብቅ የሚል የለም።

የኔትወርክ ካርዱ ደግሞ ይብሳል። ኪውኤት የሚባለው አስተርጓሚው አንድ ቁጥር አይበቃውም፤ ሦስት ይፈልጋል። አንዱ ለማንበብ፣ አንዱ ለመጻፍ፣ አንዱ ለዋናው መረጃ። ሦስቱ በአንድ ላይ ታስረው እንደ አንድ መሣሪያ ካልቆሙ ማብሪያው አይበራም። ሁለቱ መጥተው ሦስተኛው ከጎደለ ካርዱ ዝም ነው። "ሦስት ጉልቻ" አሉ እናትየው ኋላ ይህን ሲሰሙ። በሁለት ጉልቻ ድስት አይጣድም።

ዲስኩ ከበራም በኋላ ገና መሬቱ አልታረሰም። አዲስ ዲስክ በትልም በትልም መከፈል አለበት፤ ብዙ ጊዜ የእያንዳንዱ ትልም መጠን 4096 ባይት ይሆናል። ባይት ማለት አንድ የላቲን ፊደል የምታርፍበት ቦታ ናት። ይህ እርሻ ግን በላዩ የነበረውን ሁሉ ያጠፋል። ቁጥሩን አሳስቶ የሌላ ሰው ዲስክ ቢያርስ የሌላ ሰው መዝገብ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ነው ማሽኑ "በዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል" ብሎ አስጠንቅቆ፣ "አዎ" የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሙሉውን ካልጻፉለት የማይጀምረው። ልጁ እዚህ ላይ ሲደርስ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ እንደሚያነብ ነገረን። ብቻውን ባለበት ክፍል፣ ሌሊት፣ ለራሱ።

አንድ ነገር እንጨምር፣ የስም ነገር። ሊኑክስ ለዲስኮቹ ስም የሚሰጠው አገልግሎት ላይ በገቡበት ተራ ነው። መጀመሪያ የበራው የመጀመሪያውን ፊደል ያገኛል፣ ሁለተኛው ሁለተኛውን። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሣ ተራው ከተለወጠ ስሙም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ሠራተኛ በዚያ ስም አይታመንም፤ መሣሪያውን በራሱ ቁጥር ወይም በላዩ በተጻፈ መለያ ይጠራዋል።

የመጨረሻው ሥራ ከሁሉም ይበልጣል። ልጁ እስካሁን የሠራው ሁሉ ለዛሬ ብቻ ሊሆን ይችላል። ማብሪያውን ወደ አንድ ለወጠ፣ ዲስኩ ሠራ፣ ሁሉም ደስ አለው፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ከወር በኋላ ማሽኑ ለጥገና ጠፍቶ ሲነሣ ግን ዲስኩ ተመልሶ ዜሮ ላይ ነው። ለምን ቢሉ፣ ማንም አልጻፈውማ! ስለዚህ ሁለት ዓይነት ማስተካከያ አለ፦ አሁን የሚሠራ፣ እና ነገም ሲነሣ እንዲያስታውስ በቋሚነት የተጻፈ። ደህና ሠራተኛ ሁለቱንም ያደርጋል። ዲስኩ ሥርዓቱ ራሱ የሚነሣበት ከሆነማ ሲነሣ በመጀመሪያ በሚያነበው ጥቅል ውስጥም መግባት አለበት፤ አለዚያ ማሽኑ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል።

ይህን ሁሉ ከሰማን በኋላ ልጁን "ይህንኑ ለአባትህ ተናገር፤ ቃል ሲያጥርህ እኛ አለን" አልነው። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። ልጁ በዕብራይስጥ ይጀምራል፣ እኛ በአማርኛ እንጨርሳለን። አባትየው ዝም ብለው አዳመጡ። ጎንደር ገበሬ ነበሩ፤ የትልሙ ነገር ወዲያው ገባቸው። ያላማራቸው ግን ያ ዝርዝር ነው።

"ተሰክቷል ትላለህ። መብራት አለው ትላለህ። ታዲያ ለምን አያየውም?"

"እንዳያየው ስለታዘዘ ነው አባባ።"

አባትየው ትንሽ ቆዩ። ከዚያ ልጃቸው ሰምቶት የማያውቀውን ነገር አወሩ። እንደመጡ ሰሞን አንድ ሚስራድ ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ፓኪዷ ስም ትጠራለች። ለእሳቸው የተሰጠውን አዲስ የዕብራይስጥ ስም ሦስት ጊዜ ጠራችው፤ የእሳቸው መሆኑን አላወቁም። ቢሮው እስኪዘጋ ተቀምጠው ወደ ሜርካዝ ክሊታ ተመለሱ። "እዚያው ነበርኩ እኮ" አሉ፤ "ወንበሩ ላይ ነበርኩ።"

ልጁ ራሱን አቀርቅሮ ቆየና "አባባ፣ የእኔ ሥራ እንደዚያ የተቀመጠውን በትክክለኛው ቁጥሩ መጥራት ነው" አላቸው። ይህን በአማርኛ ነው ያለው። የኛ እርዳታ አላስፈለገውም።

ከዚያ ጥያቄው የአባትየው ሆነ። "ጠፍቶ ሲነሣ ማን ያስታውሰዋል?" ሲሉ ልጁ ፊቱ በራ። ሰው ሥራውን ሲረዳለት እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። እናትየው ደግሞ የሰንበቱን ነገር ጠየቁ። "የኔ ተራ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው፣ ዓርብ ማታ አልገባም" አላቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከስድስት ወር በፊት ቢሰሙት ኖሮ ስንት ሌሊት በሰላም በተኙ!

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አንላችሁም። አባትየው የሌሊት ሥራ ዛሬም አይወዱም፤ ጤና ይጎዳል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ልጁ ግን ዓርብ ዓርብ እየመጣ ነው። እናትየውም ለጎረቤት የሚሉት ተለውጧል። "ልጄ ለኮምፒውተር ያስተረጉማል" ይላሉ። ከዚህ የተሻለ ትርጉም እኛም አላገኘንለትም።

ይህን ያነሣንላችሁ ስለ አንድ ቤት ብቻ ብለን አይደለም። እኛ በልጅነታችን የመጣነው ሁላችንም ድራይቨር ነበርን። በአሥር ዓመታችን ከአባታችን ጋር ባንክ ቆመናል፤ የእናታችንን የሕመም ስም ከሐኪሙ አፍ ተቀብለን ለእናታችን የነገርናት እኛ ነን። አንዳንዱን ነገር ማስተርጎም አፍረን ዝም ያልንበት ጊዜ አለ፤ ልጅ ነበርና። ማሽኑን የሚያሰናዱ ሰዎች ግን በመንገድ ያገኙትን አስተርጓሚ አይጠቀሙም። ለሥራው የተሠራውን ያመጣሉ፣ በቋሚነትም ይጽፉታል። ዲስኩንም "አንተ የከርነሉን ቋንቋ ተማርና ና" አይሉትም።

ስለዚህ አደራ፣ ሐኪም ቤት ወይም ሚስራድ ስትሄዱ የልጅ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አትውሰዱ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የሕክምና ተቋማት አገልግሎታቸውን በታካሚው ቋንቋና ባህል ተደራሽ እንዲያደርጉ አዟል። አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ልመና አይደለም። ቶር ስትይዙም "አስተርጓሚ ያስፈልገኛል" ብላችሁ በመዝገባችሁ ላይ እንዲጻፍ አድርጉ፤ ለዛሬ ብቻ ሳይሆን ለሚቀጥለውም እንዲቆይ።

ለልጆቻችሁ ደግሞ ሦስት ጥያቄ አቅርቡላቸው። አንደኛ፣ "የምትሠራበት ዕቃ ምን ይመስላል?" ሁለተኛ፣ "አንተ ሥራህን ባትሠራ ጠዋት ማን ይቸገራል?" ሦስተኛ፣ "የምትፈራው ስሕተት የትኛው ነው?" ሦስተኛውን ሲመልሱ ሥራቸውን በደንብ ታውቁታላችሁ። "ደመወዝህ ስንት ነው?" የሚለውን ለሌላ ቀን አቆዩት።

እናንተም ልጆች፣ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ "አይገባቸውም" ብላችሁ አትተዉ። እርሻ የሚያውቅ፣ ሸማ የሠራ፣ ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ ያበጀ ሰው ሥራ ምን እንደሆነ ያውቃል። የጎደለው ቃሉ ብቻ ነው። ቃል ካጠራችሁ እኛን ጥሩን፣ መጥተን አብረን እንቀመጣለን።

ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ይህን አንብቡላቸው። ልጁ ሌሊት የሚሠራ ደግሞ አሁን አትደውሉለት፤ ተኝቶ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ደውሉና ጠይቁት።

ሰላም ሁኑልን።